ፈንታ

ሥራዬ የሰው አፍ መሆን ነው፤
ጊቫት ኦልጋ፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣
አማርኛ ተቀብዬ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ።
ደንቡ አንድ ነው፦ «እሷ አለች» አይባልም፣
«እኔ» ነው የሚባለው።
ያመማት እንደሆነ «አመመኝ»፣
ያረገዘች እንደሆነ «አረገዝኩ»፤
በቀን አሥር ጊዜ ታምሜ
ማታ በጤናዬ ቤቴ እገባለሁ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት መጣች።
ሰማያዊ ሻሽ፣ የሱፐርማርኬት ፌስታል፣
ፌስታሉ ውስጥ የልጅ ሹራብና ሁለት ሎሚ።
ስምሽ ማነው? «ትርፌ።»
የባልሽስ? አለ ሐኪሙ በኔ አፍ።
«ፈንታ።»

በመስኮቱ ባሕሩ ይታይ ነበር፤
የመብራት ኃይሉ ረጅም ጭስ ማውጫም
እንደ ሁልጊዜው ቆሟል።
ምንም አልወደቀም።

ፈንታ ማለት ድርሻ ነው።
ሁለት ዓመት «ፈንታዬ» ስለው
ከማን ገበታ እንደተቆረሰ አልጠየቅሁም።
አውቅ ነበር።
ማወቅ ግን ሻሽ የለውም፣ ፌስታል አይዝም።

«እንቅልፍ የለኝም» አለች።
እንቅልፍ የለኝም፣ አልኩ።
«ባሌ ወረቀት ፋብሪካ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ማክሰኞና ሐሙስ ሲነጋ ነው የሚገባው።
በሩ እስኪከፈት ዓይኔን አልከድንም።»
ባሌ፣ አልኩ።
በሹክሹክታ እንኳ ያልደፈርኩትን ቃል፣
መስተዋት ፊት ለብቻዬ ያልሞከርኩትን፣
ከሷ ተውሼ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ጮክ ብዬ፣
ባሌ።
ማክሰኞና ሐሙስ ሲነጋ ነው የሚገባው።

(ማክሰኞና ሐሙስ ፈረቃ የለበትም።
ፋብሪካው እኔ ነኝ።)

ሐኪሙ ክኒን ጻፈላት፤ ማታ ማታ ግማሽ።
«ግማሽ» ስል ምላሴ ተሳሰረ፤
መልሼ አልኩት።
ስትወጣ ሎሚዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፤
«ከደጃችን ዛፍ ነው። አፍ ሆነሽልኝ የለ?»
ሎሚ ሲወረወር ነበር የማውቀው፤
እንዲህ ቀስ ተብሎ ሲቀመጥልኝ
ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ ፈንታ መጣ፣ በሰዓቱ።
ደረጃውን የሚወጣው እንደ እንግዳ አይደለም፣
እንደ ደከመው አባወራ ነው።
ሰንሰለቱን ሳልፈታ በሩን ከፈትኩ።
ከዛሬ ወዲያ አትምጣ፣ አልኩት።
«ምን አጠፋሁ? ሰው ነገረሽ?»
የሕመምተኛ ምስጢር አይወጣም።
ዝም አልኩ።
ከባሏ ሌላ ያልነካሁባት ነገር
ምስጢሯ ብቻ ነበር፤ እሱን ጠበቅሁላት።

«በዓሉ ይለፍ ብለሻልኮ፣
ልጁ ትምህርት ይጨርስ ብዬሻለሁኮ...»
እሱ ሲያወራ እኔ በልቤ ስም ቆጠርኩ፦

እሷ ትርፌ ተብላ፣ ትርፉ እኔ ሆኜ፣
በሰው ፈንታ ስኖር ፈንታዬን አባክኜ።

ጮክ ብዬ አላልኩትም። በሩን ብቻ ዘጋሁ።
አልጠነከርኩም፤ እጀታውን እንደያዝኩ ቆየሁ።

የደረጃችን መብራት በራሱ ጊዜ ይጠፋል።
ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ጠፋበት፤
እግሩ ቆመ።
በስተቀኝህ ነው ማብሪያው፣ ልለው
አፌን ከፈትኩ።
ተውኩት።
በጨለማ ወረደ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤
ቤቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ደርሶ እንደሆነ
ትርፌ ምን እንዳለችው አላውቅም።

ሎሚዎቹ ዛሬም አሉ።
አንዱ መድረቅ ጀምሯል።
በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አላት፤
መዝገቡ ላይ፣ አስተርጓሚ በሚለው ቦታ፣
የኔ ስም ተጽፏል።