የጥድ ፍሬ

ቅጠል በረገፈ፣ ባንዱ ቅዳሜ ቀን፣
በኔ ትንሽ መኪና አራት ተጣብቀን፣
ከሌስተር ተነሣን፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
መጥረጊያው ሲያቃስት፣ መንገዱ ሲጠፋ።
ሙሪየል ከፊት ናት፣ ጉልበቷ ነው ሰበብ፤
ግሌኒስ ከኋላ ካርታ ስታነብ፣
ክሌመንት ከጎኗ፣ በጭኑ ታቅፎ
የብስኩቱን ጣሳ፣ ግማሹን ቀርጥፎ።
አርባ ዓመት ሙሉ ካልሲ አብረን የሠራን፣
ፋብሪካው ሲዘጋ እኛ ያልተዘጋን።

የቤቱ ስም ኮልድሃም። ከበሩ እስከ ቤቱ
ሁለት ማይል ይሆናል የዛፍ ሰልፍ ርዝመቱ።
አጋዘኖች ቆመው ሣሩን ይግጣሉ፣
ቀና ብለው እንኳ «እነማን ናችሁ?» ሳይሉ።
ክሌመንት የመግቢያውን ዋጋ እንዳነበበ
«ልገዛው አይደለም፣ ላየው ነው» ብሎ አሰበ፤
አስቦም አልቀረ፣ ለትኬት ቆራጯ ነገራት፤
እሷም ሺህ ጊዜ ሰምታው፣ ሳቅም አልሞከራት።

ገባን። ከክፍል ክፍል፣ ከምንጣፍ ምንጣፍ ላይ፤
ግድግዳው በሙሉ የሞተ ጌታ ነው፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ።
ግሌኒስ አንድም ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም፤
«ይህ አልጋ» ትለናለች፣ «ማንም አልተኛበትም፤
ንጉሥ ይመጣል ሲሉ ሁለቴ ተነጥፎ፣
ንጉሡም አልመጣ፣ በሌላ መንገድ አልፎ።»
ክሌመንት ፍራሹን አይቶ ነቀነቀ ራሱን፤
«እኔ እተካው ነበር» አለ፣ «ቢጠሩኝ፣ ንጉሡን።»

ወንበር ግን የለም።
አለ እንጂ፤ ወንበርማ ሞልቷል፤
በያንዳንዱ ላይ ግን የጥድ ፍሬ ተቀምጧል።
«አትቀመጡ» ማለት ነውር ቢመስላቸው፣
በከፋዩ መሐል፣ ያቺን ደረቅ ፍሬ
ዘብ አድርገው አስቀመጧት በየወንበራቸው።

ሙሪየል አርባ ዓመት ማሽን ፊት የቆመች ሴት ናት፣
ቆማ ሻይ የጠጣች፣ ቆማ ምጥ የጀመራት።
ጉልበቷ ቋ አለ፤ ያን ድምፅ ከፋብሪካ ጀምሮ ለይቼዋለሁ፤
«ያዢልኝ ቦርሳዬን» ስትለኝ፣ ክኒን ፍለጋ መስሎኝ ከፍቼ ይዣለሁ።
ጎንበስ አለች፤ ያቺን ፍሬ፣ እንደ ጫጩት፣ በሁለት እጅ
አንሥታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና፣ ቁጭ አለች እንደ ሰው ልጅ።
ወንበሩ ሲጥ አለ፤ መቶ ዓመት ያልጠየቁት ሽማግሌ ነገር፣
ድንገት ዞር ቢሉበት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር።

ያን ጊዜ ጠባቂው መጣ፤ አረንጓዴ ክራባት፣ ሽበት፤
ወንበሩን አየ፣ ሙሪየልን፣ ጫማዋን እግሯ ያበጠበት።
ሰዓቱንም አየ።
ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
«ዝናቡ» አለ ለመስታወቱ፣ «አምስት ደቂቃ አያልፍም፣ ቢቆይ አምርሮ።»

አምስት ደቂቃ ማንም ምንም አልተናገረ፤
ግሌኒስ እንኳ ማንበብ ተወች፤ ክሌመንት የጣሪያውን አበባ ቆጠረ።
ዝናቡም ይሉኝታ ያዘው መሰል፣ አምስቱ ሲሞላ አባርቶ ቀረ።

እኔ? አልተቀመጥኩም። ከጎኗ ሌላ ወንበር ነበረ፣
ያችኛዋ ፍሬ ደግሞ ትንሽ ናት። ቦርሳዋን ይዤ ቆምኩ።
ለምን እንደሆነ እንጃ።

መኪና ማቆሚያው ላይ፣ አራቱን በር ከፍተን፣
እንቁላል በዳቦ በላን፣ በየወንበራችን ተዘርግተን።
ጣዎስ መጣ፣ ጭራውን ጭቃ ላይ እየጎተተ ነበረ፤
ዳቦውን ከእጁ ነጠቀው፤ ክሌመንት በመግቢያው ዋጋ ላይ ደመረ።

ባለፈው እሑድ ሙሪየል ቤት ሄድኩ።
ወጥ ቤቷ ውስጥ፣ ማሞቂያው ሥር፣ ያቺ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፤
በላይዋ የጥድ ፍሬ፣ በሙቀቱ ተከፍታ፣ ቅርፊቷ ሁሉ ሲበረበር።
«ምንድን ነው ይሄ?» ብላት፣
«ክልክል ነው» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ሻዩን እየቀዳች።
ቆምኩ። ልማዴ ነው።
ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።
«ያን ቀንም እንዲሁ ቆመሽ ቀረሽ» አለች፤
«በይ አሁን አንሺያት፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።»

አነሣኋት። እንዲህ ትቀላለች
ብዬ አላሰብኩም ነበር።