መሀሉ ብቻ

ጋሽ ሁንዴ ጎማዬን እንደ መዳፍ ያዘ፤
በጥርሶቹ መሀል አውራ ጣቱ ተጓዘ።
«ይኼ መሀል» አለኝ፣ «እንደ ሜዳ ተኝቷል፤
የጠርዙ ፀጉር ግን ገና መች ተላጭቷል?»

የተጣለ ጎማ ሲያነብ ነው የኖረ፤
አዳማ ውስጥ ስንቱን ገመና ቆጠረ፦
ማን ሰክሮ እንደነዳ፣ ማን ሰርቆ እንደጫነ፣
የማን ዘንግ እንደጎበጠ፣ ማን ፈሪ እንደሆነ።
ለኔ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፦
«ልጄ፣ ያንቺ መንገድ ቀጥ ያለ ብቻ ነው።
ከቤትሽ ፋርማሲ፣ ከፋርማሲ ሞጆ፣
ከሞጆ መልሶ ያችው አንድ ጎጆ።
ዘመም ያልሽበት ቀን እዚህ አላየሁም።»
ሰላሳ አራት ዓመቴ ነው። መልስ አልሰጠሁም።

እሑድ ነው ቀጠሮው። ከነፋስ ማማ ግርጌ
የከባድ መኪና ተራ አለ፣ የተተወ፣ አሮጌ፤
እነ ነጂብ ጠርገው፣ ገመዱን ወጥረው፣
ሰባት ኩርባ አወጡለት ኮኑን ደርድረው።

«ሙልጩን ግዢ» ይለኛል ነጂብ፣ «ጥርስ የለውም፤
ሲሞቅ እንደ ሙጫ ነው፣ አስፋልት አይለቅም።
ጥርስ የሌለው ሲነክስ አይተሽ አታውቂም!»
እውነቱን ነው። ግን የሱ ሞተር በአይሱዙ ይጫናል፣
ጎማው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይተኛል።
የኔው ግን ያው እሱ ነው፦ ወስዶኝ፣ አሯሩጦኝ፣
ማታ በዚያው ጎማ ቤቴ ድረስ መልሶኝ፣
ሰኞም ያው። ዝናብ ነው፤ ነሐሴ ነውና
በሙልጭ አይሞከር የፍራንኮ ጎዳና።
አስፋልቱም አመል አለው፤ ቀን ሲግል ይጣበቃል፣
አምስት ደቂቃ ካፊያ ካገኘ ወዳጁን ይክዳል።

ረዳቱ ቶሌራ ከማገሩ ፈትቶ
አንድ ጎማ አወረደ አቧራውን መትቶ፤
ፀጉሩ ያልረገፈ፣ ጥቁር፣ የሚያበራ፤
ዋጋውም ግማሽ። እጄ ወሬ ያዘ ከቦርሳዬ ጋራ።

ጋሽ ሁንዴ ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ
አራት ቁጥር አሳየኝ ባትሪ ጠጋ አድርጎ፦
«ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ ነው። ቁጠሪው፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማገር ላይ ነው ኗሪው።
አንድ ኩርባ ሳይዞር ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤
ያልሮጠ ሁሉ አዲስ ነው ማን ብሏል?»

እኔ ነኝ እንግዲህ ቀን ሳነብ የምውለው፣
ከክኒኑ ጀርባ፣ ከሽሮፑ አንገት ያለው፤
ጊዜው ያለፈውን በካርቶን የማስር፣
«ይወገድ» የምል በቀይ፣ በዝርዝር።
ጎማም ቀን እንዳለው ግን ማን ነገረኝ?
(ቶሌራ መልሶ ሰቀለው። አሳዘነኝ።)

ሦስተኛውን ገዛሁ። መሀሉ ደረቅ፣ ጠርዙ ለስላሳ፤
ለሰኞ የሚታገስ፣ ለእሑድ የሚሳሳ።
እቁቤን ቆጠርኩለት እስኪያልቅ ከኪሴ፤
የቤት ኪራይ እያለ፣ ያውም በነሐሴ።
«በዚህ ብር ፍሪጅ ነበር» ትለኛለች እማዬ፤
ፍሪጅ «አይዞሽ» አይለኝ ኩርባ ላይ፣ ከታች ከጫማዬ።

«ሳይሞቅ ለኪና» አለኝ፣ «ነፋሱን ቀንሺው፤
የአዳማው ይበቃል፤ ትርፉን ልቀቂው።»

የመጀመሪያው ዙር ብርድ ነው፤ ጎማም ሰውም አያምንም።
ጉልበቴ አስፋልት ነካ ብዬ አልዋሽም፤ አልነካም።
አራተኛው ኩርባ ላይ ግን
ዓይኔን ወደ መውጫው አስቀድሜ ልኬ
ዘመም አልኩ፣ ደግሞ ዘመም፣ አለፍኩ ከልኬ።
ጎማው ያዘኝ። ይኼው ነው። ሌላ ነገር የለም።
ነጂብ ሁለት ጊዜ ደረበኝ፤ አላፈርኩም።

ማታ ጋሽ ሁንዴ ቁጢጥ ብሎ አየው፤
በቀኙ ጠርዝ ላይ ፀጉር የለም፣ ሙልጭ ነው።
በግራው ግን አለ፣ እንዳለ፣ ሁለት ጣት ሙሉ።
«ቀኝሽ ጎበዝ» አለኝ፤ ሳቁ ልጆቹ ሁሉ።
«በሚመጣው እሑድ ደግሞ ለግራ» ብሎ፣ «ለግራ!»
ነፋሱን ሞላልኝ ለሰኞው፣ ለሥራ።