ምንጩ የቱ ነው?

ከሆጤ ተነስተው፣ ባጃጅ ተኮናትረው፣
ኮምፒውተሩን በጋቢ እንደ አራስ ጠቅልለው፣
ደረጃዬን ወጡ ጋሽ አራጋው እንድሪስ፣
የቅሬው ጸሐፊ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ
ቆሜ ጠበቅኋቸው።

"ሆዱ ውስጥ ይንኳኳል፤ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣
ጠዋት እሺ ብሎ ከሰዓት ይተኛል።
አደራሽን ሩቂያ፣ የኔ ብቻ አይደለም፤
ያለውም የሞተውም፣ ሌላ መዝገብ የለም።"

ጎኑን ከፈትኩት። የስምንት ዓመት አቧራ፣
የሸረሪት ድር፣ አንዲት የደረቀች ባቄላ
(ከየት እንደገባች እሳቸውም አያውቁ)፤
አራት ብሎን ፈታሁ፣ ገመዶቹ ለቀቁ።
አሮጌው ዲስክ ወጣ፤ ከረመጥ እንዳወጡት ድንች
ይሞቃል፣ ይከብዳል።
አዲሷን ሳሳያቸው ግን ዓይናቸው ጠበበ፦
"ይች ናት? ብስኩት እንኳ ከዚች ይወፍራል!
ሦስት መቶ አባወራ በምኗ ትሸከማለች?
ደግሞ ድምፅ የላት፣ ማንኳኳት የላት፣
መታመሟን ታዲያ በምን ልወቅላት?"

"አብሽሩ" አልኳቸው። እጄ ግን ፈርቷል።

ፕሮግራሙ ከሁሉ በፊት ይህን ይጠይቃል፦
ምንጩ የቱ ነው? መድረሻውስ የቱ?
ስክሪኑ ላይ ሁለት ሳጥን፣ ግራጫ ሁለቱም፣
መልካቸው አንድ ነው፣ ቢያዩአቸው አይለዩም።
እዚሁ ቧንቧ ውሃ፣ ስሙ እንደሚናገር፣
ስንቱ ተሰልፎ ሲቀዳ ነበር፤
ውሃ የሚቀዳ ሰው በዚህ አይሳሳትም፣
ቢሳሳትም እንኳ ምንጩ አይነጥፍም።
እኔ ብሳሳት ግን፣ ባዶውን ብደፋ፣
ምንጩ ራሱ ነው ወዲያው የሚጠፋ።

አንዴ አድርጌዋለሁ።
የሐይቅ ሙሽሮች ነበሩ፣ የሰርጋቸው ቪዲዮ፤
ባዶውን በሙሉው ላይ ገለበጥኩባቸው።
ሙሽራዋ አልጮኸችም።
"እናቴ እዚያ ላይ ትስቅ ነበር" አለችና
ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።

ከዚያ ወዲህ ፕላስተር እለጥፋለሁ፣
"አሮጌ"፣ "አዲስ" ብዬ በወፍራም እጽፋለሁ፣
ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሰው ካለ አስመሰክራለሁ።
ጋሽ አራጋው መነጽራቸውን ወደ ግንባር ሰቅለው
"ምንጩ አሮጌው ነው" አሉ፣ እንደ ዳኛ ፈርደው።
ተጫንኩት።

ሰባት በመቶ። አስራ ዘጠኝ። ከጦሳ ጉም ወረደ።
አርባ ላይ ስንደርስ ካፊያው ቆርቆሮውን ለመደ።
"አሁን ማን ጋ ደረሰ? ይማም ሙሄን አለፈ?"
"ስም አያይም ጋሼ፣ ካለ የሞተ አይለይም፤
ባዶ ቦታም ቢያገኝ ባዶ ነው ብሎ አይዘልም፣
ባዶነቱን ራሱ አንድ ባንድ ይቀዳል።"
"እንደ ጥሩ ጸሐፊ" አሉ፣ ፂማቸውን እያሻሹ።

ሰባ አንድ ላይ ቆመ።
ቀጭ። ቀጭ። ዝም።
እሳቸውም እኔም አልተነፈስንም።
ከታች የጫማ ሻጩ ሬዲዮ ዜና ያነባል።
ከዚያ አሮጌው አቃሰተ፤ ሰባ ሁለት።

ሲጨርስ ጻፈልን፦ አራት ቦታ አልተነበበም።

አዲሷን ገጠምኳት። ሳትስል ተነሳች።
ያው የአርዲቦ ፎቶ፣ ያው የተንጋደደው ፎልደር፣
"አባላት" ተከፈተ፤ "መዋጮ"፤ "ቀብር" ከነቀኑ።
አንዱ ብቻ እምቢ አለ፦ "ቅጣት፣ ሐምሌ ሁለት ሺህ ስምንት።"
ሞከርኩት፤ ደግሜ ሞከርኩት።
"ተይው" አሉኝ ድንገት።
"ያን ወር የተቀጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤
የወንድሙን ቀብር፣ በቂም፣ የቀረ ነው።"
መነጽሩን አውርደው በጋቢው ጫፍ ጠረጉ፣
አሁንም ጠረጉ።
"ዲስኩ ይቅር ካለው፣ እኔ ማን ነኝና?"
ስሙን አልጠየቅኩም።

ሂሳብ ከከፈሉ በኋላ አሮጌውን ፈለጉ።
"ምን ያደርግልዎታል? ከእንግዲህ አይሠራም።"
"ያገለገለን እቃ ቅሬ ሜዳ አይጥልም።"
ከነፕላስተሩ በመሐረብ ቋጥረው፣
ደረት ኪስ ከተቱት፤ ኮታቸው ወደ አንድ ጎን ዘመመ።
ካፊያው አላባራም። ባጃጅ ሲጣሩ ሰማሁ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን ተርፏል።
ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል፤
ከየት እንደሆነ እንጃ።