የአቧራ ቀን

ሥራዬ አቧራ ነው፤ ማስተኛት እንደ ልጅ፣
ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት እስከ ማዕድኑ ደጅ።
ሃያ ሁለት ዓመት ቦቴ ነዳሁ፣ ነዳሁ፤
ጠዋት ያስተኛሁት ማታ ሲነሣ አየሁ።

ኔቫዳ ነው አገሩ። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ
ያልፋል ከጎናችን፣ ሰላም ሳይል፣ ቸኩሎ።
መኪናውም እንደዚያው፤ መስኮቱን ዘግቶ
ላስ ቬጋስ ይወርዳል ገንዘቡን አንግቶ፣
ይመለሳል ደግሞ የምሳውን አጥቶ።
እኛ ጋ አይቆምም። ለምን ብሎ ይቁም?
ከጨው ሜዳና ከነፋስ በቀር የሚታይ የለም፤
እንዲህ ነበር የምለው፣ እኔም።

ማይተ ኤቼጋራይ የቱሪዝም ሹም ናት፣
ሹም ሲሏት ትስቃለች፤ ሠራተኛም የላት።
ቢሮዋ ያረጀ የነዳጅ ማደያ፣
ሁለተኛው ወንበር የእንግዳ መቆያ፤
ድመት ወረሰው እንጂ ሰው አልነካው ገና፣
እሷ ግን ትወለውለዋለች፣ ጠዋት ጠዋት ትመጣና።

"ምን አለን?" አለችን ስብሰባ ጠርታ፤
ሰባት ሰው መጣላት፣ ማክሰኞ ወደ ማታ።
አንዱ "የተዘጋ ማዕድን አለን" አለ፣
ሌላው "እባብ!" ብሎ ሳቅ ተቀጣጠለ።
ከሾሾኒ ሰፈር የመጣችው ላቬርን ብቻ አልሳቀችም፦
"ባዶ የምትሉት ሜዳ
ስም አለው፣ እስከ ገደሉ ጓዳ፤
እኛን ሳትጠይቁ ነው እንጂ 'ምንም' ብላችሁ የጻፋችሁ።"
ጸጥ አልን።
ዝምታው ሲከብደኝ፣ ልቀልድ ብዬ፣ "አቧራስ?" አልሁ።
ላቬርን ሳቀች። ማይተ ጻፈችው።

በጋው ሲያበቃ፣ ቅዳሜ፣ የአቧራ ቀን ተባለ።
ሁለት መቶ ፖስተር እስከ ሬኖ ተለጠፈ፦
የእጅ ጋሪ ሩጫ፣ አኮርዲዮን፣
የማይተ አያቶች ከባስክ አገር ባመጡት ድስት ባቄላ፣
በጣም ለቆሸሸ መኪና ሽልማት።
ለእኔም ትእዛዝ መጣ፦ "ቦቴህን እንዳታንቀሳቅሳት።"
ቅር አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የታገልሁትን ጠላት
ልቀበለው እንዴ በክብር እንግድነት?

ቀኑ ደረሰ። አርባ ወንበር ተደረደረ።
እስከ ቀትር ነፋስ ብቻ ተቀመጠባቸው።
ባቄላው ሁለቴ ፈላ። አኮርዲዮኑ ለራሱ ተጫወተ።
ማይተ ግንባሯን በእጇ ጋርዳ አስፋልቱን ታያለች፤
አስፋልቱ አያያትም።

አመሻሽ ላይ፣ ተስፋ ቆርጦ ይሁን ሰልችቶት፣
"በሉ እንሩጥ" አለ ሽማግሌው ኦርቪል ጋሪውን ጨብጦ፤
ልጆቹ ተከተሉት።
ውሃ ያልነካው መሬት ተነሣ።
ተነሣ፣ ከጣሪያ በላይ፣ ከስልክ እንጨት በላይ፤
የምትጠልቀው ፀሐይ ገባችበትና
ቆመ፣ ቀይ ሆኖ፣ ወርቅ ሆኖ፣ እንደ ዓምድ።
እኔ እንኳ፣ ጠላቱ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ከአስፋልቱ አንድ ነጭ መኪና ታጠፈ።
ከኋላው ሌላ።
ሰውዬው ወረደ እየሮጠ፣ እሳት ማጥፊያውን አቅፎ፦
"የት ነው ቃጠሎው?"
ማይተ ጭልፋዋን እንደያዘች አየችው፤
"ዘግይተሃል" አለችው፣ "ባቄላው ግን ትኩስ ነው።"

አሥራ አንድ እንግዳ። ቆጥሬአለሁ።
ሽልማቱን ነጩ መኪና ወሰደ፣
ነጭ እንደነበር ማንም ሳያምን።
ሌሊት ላቬርን ጨው ሜዳው ዳር አስቀምጣቸው
ኮረብቶቹን በስም ጠራች፣ በጨለማ፣ አንድ በአንድ።
እኔም ቦቴዬን ተደግፌ ሰማሁ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ያለፍሁባቸውን
ያን ሌሊት ተዋወቅሁ።

ሰኞ ቦቴዬን ሞላሁ።
ከጽሕፈት ቤቱ ጀምሬ እንደ ልማዴ ረጨሁ፣
ማይተ ቢሮ ደጅ ስደርስ
ቧንቧውን ዘጋሁ፣
እስካልፍ ድረስ።