የጎደለችው ፍሬ

በሙሐረቅ፣ ከአሮጌው የዕንቁ ነጋዴ ቤት ጀርባ፣
ሰገነት ላይ ቆሜያለሁ፣ ከእርጥብ አንሶላ መሀል፣ ሌቱ ሳይጠባ።
ኪሴ ውስጥ በሁለት ዲናር የገዛሁት ጨሌ አለ፤
ሠላሳ ሦስት ፍሬ፣ ገላዬን ተጠግቶ ሲሞቅ የዋለ።
ሕንዳዊው ባለሱቅ ክሩን ሲያስር አንዳች አልጠረጠረም፤
«ለልጅሽ ነው?» አለኝ።
«ለአክስቴ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ዋሪቴ ነበር ስሟ፣ የአባቴ አክስት፣
መስከረም ሲጠባ እርጥብ ሣር ይዛ ጉደር ወንዝ ዳር የምትመርቅ ሴት።
አባቴ ጌታን በተቀበለ በዓመቱ
ጨሌዋን ከነቋጠሮው አወጣው ከቤቱ።
ዘማሪዎቹ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ከፊት ነኝ፣ በስምንት ዓመቴ፣
ወንዙ ውስጥ የወረወርኩትም እኔ ነኝ፤
«የልጅ እጅ ንጹሕ ነው» ብሎኝ አባቴ።

ዋሪቴ አላለቀሰችም። ባዶ አንገቷን ዳበሰች፤
«እጅሽ አይድረቅ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ሃያ ዓመት ሙሉ
«አይ» የምትለዋን ፊደል አልሰማኋትም።
ይደርቃል ብዬ እጄን ሳሻሽ፣ ሌሊት ሳሞቀው፣ ለማንም አልተናገርኩም።
ከአባቴ የገሃነም እሳት ወረስኩ፣
ከእሷ ደግሞ እርግማን፣ ያላለችውን፣
ሁለቱንም በአንድ ሻንጣ አጭቄ
ባሕር ተሻገርኩ።

እርጥብ ሣር ከየት ይምጣ በዚህ አገር?
አደባባዩ ላይ ብቻ፣ በጎማ ቱቦ የሚጠጣ ነበር።
ጎንበስ ብዬ ጭብጥ ነጨሁ፤ ቤንጋሊው ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝ፣
ልቤ ቀጥ አለ፤
መቀሱን አስቀመጠና ሌላ ጭብጥ አጭዶ ሰጠኝ።

ዓርብ፣ የዕረፍቴ ለታ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ወረድኩ ከዳርቻው።
የጉደር ውሃ ወደዚህ አይፈስም፣ አውቃለሁ፤ ዐባይ ነው መድረሻው።
ቢሆንም ሣሩን ነከርኩ፣ ልመርቅ አፌን ከፈትኩ፤
የወጣው የአባቴ ድምፅ ነው፦ «ርኩስ መንፈስ፣ ውጣ!»
ደነገጥኩ።
ከማን ነው የሚወጣው? ከሣሩ? ከጨው ውሃው?
ወይስ ከዚያች የስምንት ዓመት ልጅ፣ ጭብጨባው ካልለቀቃት እስካሁን ጆሮዋን?

በማግስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ክሩ ተበጠሰ።
ጨሌው ከማቀዝቀዣው ሥር፣ ከምድጃው ኋላ፣ በየጥጉ ፈሰሰ።
ተንበርክኬ ለቀምኩት፣ ቆጠርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩ፤
ሠላሳ ሁለት።
አሁን መጣ፣ አልኩ።

አርባ ቀን ጠበቅሁ፣ ከሁለቱ ቁጣ አንዱ እስኪደርስ።
ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ነው እያልኩ፣ ሊፍት በቆመ ቁጥር ስብረከረክ።
የመጣው የውሃ ሂሳብና
የእማማ ሙዛ ሳል ብቻ ነው።

እማማ ሙዛ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ የዕንቁ ጠላቂ ልጅ ናት።
በአርባ አንደኛው ቀን እግሯን ሳጥብ፣ ከጫማዋ ውስጥ አንዲት ፍሬ አገኘኋት፤
ነጠቀችኝ። በጥርሷ ነከስ አደረገቻት፣ እንደ አባቷ፣
ትንሽ አሰበች፣ ምላሷ ላይ አንከባለለቻት።
«ዕንቁ አይደለችም» አለች።
«የሰው ናት ግን። እንኪ።»

አባቴ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ «ትጸልያለሽ ወይ?» ይለኛል።
«አዎ» እለዋለሁ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣
እኔም አልጨመርኩለትም።

ዛሬም ጉልበቴ አልጸናም፤ አውሎ አቧራ ሲነሣ
የድሮው ጭብጨባ ይሰማኛል።
ግን ጨሌውን አውጥቼ አንገቴ ላይ አሠርኩት፤ አንሶላው ይንጠባጠባል።
ዋሪቴ፣ ይኸው እጄ፣
በረኪና የላጠው፣ ጥፍሩ የተሰበረ፤
እዪው እስቲ፣
እርጥብ ነው።