መሬት የሌለው ቤት

በድሬዳዋ ፀሐይ ማድረቂያ አስገባች
ብሎ ከዚራ ሳቀ፤ "ምን ነካት፣ አበደች?
ነጠላሽን አስጥተሽ፣ ፊትሽን ሳታዞሪ
ደርቆ ይጠብቅሻል። ምን አስገበረሽ ለቆጣሪ?"

አልመለስኩም። ምን ብዬ?
የአባቴን አንሶላ ሌሊት እንደማጥበው፣
ገመድ ላይ ሲውል ሰፈር እንዳይቆጥረው፣
ይህን እንዴት ልንገረው?
አርባ ዓመት ባቡሩን በሰዓቱ ያስነሳ ሰው
ዛሬ የገዛ ገላው ሰዓት አሳሳተው።

እህቴ ከጅቡቲ ጭና የላከቻት
ነጭ፣ ክብ አፍ፣ በርሜል የሚያህል ሆድ ያላት፤
ሰክቼ በእርጥብ እጄ ገና ብነካት
ጉንዳን ከጣቴ ተነስቶ መንጋጋዬ ገባ፤
ሮጥ በል አልኩት ልጄን፤ ሮብሌን፣ ከታይዋን ጀርባ።

ስሙ በሶማልኛ "ባለ ዝናብ" ማለት ነው።
ቴስተሩን ጆሮው ላይ እንደ እስክሪብቶ ሰክቶ
መጣ፤ ዋናውን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ፈትቶ
ሽቦ ቆጠረ እንደ መቁጠሪያ።
"ቡናማው ይኸው። ሰማያዊውም ይኸው።
አረንጓዴ-ቢጫው ግን ከማሽኗ ወጥቶ
ግድግዳው ጋ ቀረ፣ የሚይዘው አጥቶ።
ይሄ ቤት መሬት የለውም!"

አባቴ ከአልጋው ጮኸ፦
"ካርታ አለኝ! ግብሬንም ከፍያለሁ!
ማነው እሱ? ከማዘጋጃ ቤት ከሆነ እከሰዋለሁ!"
"የርስዎን አይደለም፣ አባ፤ የመብራቱን ነው"
አለ ሮብሌ፣ ሳቁን ውጦ።

"ከሰማያዊው ጋር ቋጥረህልኝ ብትሄድስ?
ጎረቤት እንዲያ ነው ያሠራው" አልኩ።
"ይሠራል" አለ። "ግን አንድ ቀን ንፋስ ሲነሳ፣
ሰማያዊው ከምሰሶው ሲበጠስ፣
መላ ቆርቆሮዋ መብራት ይለብሳል።
መሄጃ ሲያጣ በማን ያልፋል? ባንቺ ያልፋል።"

ከቆጣሪው የብቻዋ መስመር ሳበላት፣ ወፍራም ሽቦ፣
ሲያፈስ ራሱን የሚቆርጥ የብቻዋ ብሬከር።
ከዚያ ጓሮ፣ ከቧንቧው ስር፣
ቁመቱን የሚበልጥ የመዳብ ዘንግ
በመዶሻ፣ በመዶሻ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር።

ገባ። መለኪያው ግን እምቢ።
"ደረቅ ነው አሸዋችሁ። ደረቅ አፈር መብራት አይውጥም፤
ውሃ አምጪ፣ ከሰል አምጪ፣ ጨው አምጪ፣ አትሰስቺ።"
ሦስት ባልዲ ጠጣ።
መርፌው እያመነታ፣ እያመነታ ወረደ፤
"በየሳምንቱ አጠጪው፤ ከደረቀ ይክድሻል"
ብሎኝ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ገረመኝ፤ እርጥብ የምታደርቅ ማሽን
እርጥብ መሬት መሻቷ።

ማታ አንሶላውን አጠብኩ። የመጀመሪያውን እጣቢ፣
ተደብቄ ቦይ የምደፋውን፣
ዘንጉ ስር አፈሰስኩት።
በእጄ ጀርባ ነካኋት፤ ምንም።
ዝም ያለ ቆርቆሮ።

ሆዷ ሲንጎዳጎድ አባቴ ነቃ፤
"የቱ ነው የሚገባው?"
"የጅቡቲው።"
"ስንት ይቀረዋል?"
ወደ ማሽኗ ሰዓት ጎንበስ አልኩ፤
"አርባ ደቂቃ፣ አባ።"