ሰሙን ማቅለጥ

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት።
ደጅ ያሉት መኪኖች፣ እንደ ታሰረ ከብት፣
ከምሰሶው ሥር ቆመው ሙቀት ይጠባሉ፤
እኔ ምድር ቤት ነኝ። ሰሞች ይጠብቃሉ።

በያንዳንዱ ሰም ውስጥ የሰው ሥጋ አለ፣
ከምስር ፍሬ ያነሰ፣ ስም የተነፈገ፣ ቁጥር የታደለ።

የዛሬው ከቶምፕሰን በአውሮፕላን መጣ፤
የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሳል ያስጨነቀው፣ እንቅልፍ ያጣ።
(ኬይደን ነው ስሙ። ማወቅ አልነበረብኝም፤
ወረቀቱ ላይ አየሁት፤ ዓይኔን አልመለስኩም።)
«አስም ነው» ተባለ፤ ሁለት ወር መድኃኒት በአፉ ሲነፋለት፣
ኋላ በራጅ ታየ፣ ከደረቱ አጥንት ሥር ጥላ ተኝቶበት።

ቅኔ ቤት አልዋልኩም፤
ሰም ማቅለጡን ግን እችልበታለሁ፤
ከፀጉር አቅጥኜ በስለት እልጠዋለሁ፣
ለብ ባለ ውሃ ላይ አንሳፍፌ፣
በመስተዋት አንጥፌ፣
ሰሙን አጥቤ አርግፌ፣
ወርቁን እጠራለሁ።
እዚህ ቤት ወርቁ ቡኒ ነው።
ወርቁ ባይገኝ ደስ የሚል ቅኔ ይኸ ብቻ ነው።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ከማን ወገን ነው ይህ ህዋስ?
መቅኔ ውስጥ አድጎ፣ ፀረ አካል ሊያመርት፣ ከቢ ዘር የሚደርስ?
ወይስ ከደረት ጓዳ፣ ቲመስ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሮ፣
ጠላት ከወዳጅ መለየት ሳያውቅ ከክፍል ተባሮ?

ሲዲ ሃያ ጨመርኩ፦ ሰማያዊ ሆኖ ዝም አለኝ ሜዳው።
ሲዲ ሦስት ጨመርኩ፦ ቡኒ፣ ቡኒ፣ ቡኒ፣ ከዳር እስከ ዳርቻው።
ሌላው ቀለም ደግሞ ዕድሜ ይጠይቃል፤
አስኳሉ ጠቁሮ «ገና ልጅ ነኝ» ይላል።

ማደግ እምቢ ያለ ህዋስ፣ ማደግ ያማረው ልጅ ውስጥ።

ዶክተር ሎርና ፍሪሰን ጎሕ ሲቀድ መጣች፤
በረዶ ካራሰው ጫማዋ ሳትወጣ፣ ሁለት ጊዜ አየች።
«ቲ» ብላ ጻፈች።
አንዲት ፊደል።
ቢ ቢሆን ኖሮ የጭንቅ ጥቂት ወራት፣ የመብረቅ ድብደባ፤
ቲ ሲሆን ሁለት ዓመት ተኩል፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ የሚገባ።
ሲጨርስ አሥር ሊሞላው ምንም አይቀረው።

ፎቅ ላይ የሆነውን ሎርና ነገረችኝ፣ እጇን እየታጠበች።
እናቱ ሪታ «ስሙ ማነው?» አለች።
የበሽታው ስም ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ግማሹ ላይ ሳለ፣
ልጁ ጭምብሉን ከአፉ ገለጥ አድርጎ፣ «ቲ?» አለ፣
«ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ቲ የኤሊ ናት።»
ማንም አልሳቀለት።
ሪታ ብቻ፣ ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣
«አዎ፣ የኤሊ» አለች።

የተረፈውን ሰም ቁጥሩን አይቼ መሳቢያ ከተትኩት።
ደጅ መኪኖቹን ከምሰሶው ፈቷቸው፤ ነጋ።
ሃያ ዓመት ይቀመጣል፤ የቤታችን ደንብ ነው።
ያን ጊዜ ኬይደን ሃያ ሰባት፤
ይህች የምስር ፍሬ
ገና ሰባት።